ቅጹ ነው ያለው

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ የምትማር የጎረቤቴ ልጅ በቀደም «እትዬ፣ ማሽን እኮ ነው! በማሽን ማን ይናደዳል?» አለችኝ። የምናወራው በኢንተርኔት ዕቃ ስለሚሸጠው የአሜሪካ ኩባንያ፣ ስለ አማዞን ነበር። ኩባንያው የሥራ ማመልከቻ የሚመዝን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲያሠራ ያሠለጠነው በ10 ዓመት ማመልከቻ ነው። አብዛኛው የወንድ ስለነበር «የሴቶች» የሚል ቃል ያገኘበትን ወረቀት ነጥብ ይቀንስ ጀመር። በኋላ ተውት፤ ወሬው በ2018 እ.ኤ.አ. ወጣ። ልጅቷ «ያስተማሩትን አይደል የሚያውቀው» ብላ ለማሽኑ አዘነችለት። እኔን ግን የድሮ ቁጭቴን ቀሰቀሰችብኝ።

በ1980ዎቹ እዚሁ ጎንደር፣ አንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል እሠራ ነበር። የዋና ሒሳብ ሹም ቦታ ክፍት ሆኖ እኔም ተወዳደርኩ፤ አለቃችን ግን ስብሰባ ላይ «ሴት እዚህ ቦታ አትሆንም» ብሎ ወንድ መደበ። ቢሮው ተተራመሰ። ወንዶቹ ሳይቀሩ ተቆጡ፤ ዘበኛው ጋሼ ከበር ሆነው «የወለደችህስ ማን ናት?» አሉት። አለቃው ይቅርታ ጠይቆ ምደባው ተሰረዘ። ያን ቀን ፒያሳ ወርደን ማኪያቶ ጠጣን፤ ሒሳቡን ማን እንደከፈለ እስካሁን እንከራከራለን።

ቦታው በዓመቱ እንደገና ወጣ። አለቃው አሁን ትንፍሽ አላለም፤ ቅጽ ይዞ መጣ። በስቴንስል የተባዛ፣ ቀለሙ ጣት የሚያቆሽሽ፦ የትምህርት ደረጃ፣ የሥራ አፈጻጸም፣ የማኅደር ጥራት። ከሥር «ያልተቋረጠ አገልግሎት» የምትል መስመር ተጨምራለች። የወሊድ ፈቃዴ እንደ መቋረጥ ተቆጠረና ከእኔ በኋላ የተቀጠረ ልጅ አለፈኝ። አቤት አልኩ። አምና የጮኹልኝ ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው «ምን ይደረግ፣ ቅጹ ነው ያለው» አሉኝ። ጋሼም ጭምር። ያቺን መስመር ማን ጨመራት ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ጡረታ እስክወጣ በዚያ ቢሮ በር ባለፍኩ ቁጥር ሆዴ ያርር ነበር።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎችም ይህንኑ አይተዋል፦ ያው አድልዎ ከሰው ሲመጣ ሰው ይቆጣል፤ ከኮምፒዩተር ሲመጣ ቁጣው ይበርዳል፣ ኩባንያውንም ተጠያቂ ማድረጉ ይቀንሳል። ማሽን ክፋት የለውም ብለን ስለምናስብ ነው። የእናንተ ትውልድ ደግሞ ቲክቶክ ላይ ለማይረባው ሁሉ ይንጫጫል፤ ለዚህ ሲሆን ዝም።

ቅጽ ይቅር አልልም። እኔ ራሴ የተቀጠርኩት በነጥብ ተወዳድሬ ነው፤ በዘመድ ቢሆን ኖሮ ማን ያየኝ ነበር? ግን ቅጹም ማሽኑም ይፈተሽ፣ ያሰናዳውም ይጠየቅ።

አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመራማሪ ትምኒት ገብሩ ከሌላዋ ተመራማሪ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር በ2018 እ.ኤ.አ. ፊት አይተው ጾታ የሚለዩ ፕሮግራሞችን ፈትሻለች። በጠቆር ያሉ ሴቶች ላይ ስህተቱ እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ፤ በነጣ ያሉ ወንዶች ላይ ከ0.8 በመቶ አላለፈም። ጥናቱ የኩባንያዎቹን ስም አንድ በአንድ ጠራ፤ ከዚያ በኋላ ነው ለማስተካከል የተንቀሳቀሱት።

እናንተም «ሲስተሙ አልተቀበለሽም» ስትባሉ ስክሪኑን ፎቶ አንሱ። ሲስተሙን ማን እንዳስገባው፣ በምን እንደሚመዝን በጽሑፍ ጠይቁ። ደብዳቤውን «ለሚመለከተው ሁሉ» ብላችሁ አትጀምሩ፤ የሥራ አስኪያጁን ስም ከጸሐፊዋ ጠይቁና በስሙ ጻፉ።