ያለኝ አክሽን ካሜራ ይበቃኛል ወይስ አዲሱን ልግዛ? ጥያቄና መልስ ከሰሜን ሸዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ አክሽን ካሜራ፣ ማለትም ሄልሜትና መኪና ላይ ስለሚታሰረው ትንሽ ካሜራ፣ ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጎፕሮ፣ ዲጄአይና ኢንስታ360 የሚሠሩት ኩባንያዎች ናቸው፣ ከጎፕሮ ቀጥሎ የምታዩት ቁጥር የሞዴሉ ነው። ጥያቄው ከደብረ ብርሃን፣ ከመንዝ፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከእነዋሪ ጎረፈ። አብዛኞቻችሁ የምትጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ «ያለኝን ልያዝ ወይስ ልቀይር?» ካሜራ ዛሬ ቀላል ወጪ አይደለም። ስለዚህ እኔም መልሼ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ቪዲዮህን ስታየው የሚያናድድህ ነገር ምንድን ነው? አዲሱ ካሜራ ያንን ነገር የሚፈታ ከሆነ ይገዛል። ካልፈታው ብሩ ለሌላ ነገር ይዋል።

ጥያቄ (ደብረ ብርሃን፣ የሰርግ ቪዲዮ የሚሠራ)፦ ሰላም ወንድሜ። ጎፕሮ 9 አለኝ። የሰርግ አጀብ፣ የመኪና ላይ ቀረጻ፣ የጭፈራ ቀረጻ እሠራበታለሁ። አራት ባትሪም ገዝቻለሁ። ወደ 13 ልሂድ?

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ። ቀን ለምትሠራው ሥራ 9 አያሳፍርህም። በ2020 የወጣ ቢሆንም 5ኬ (ኬ የምስሉ ጥራት መጠን ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ምስሉ ይጠራል) ይቀርጻል፣ የፊት ስክሪን አለው፣ መንቀጥቀጥንም በደንብ ይይዛል። ደንበኛህ ቪዲዮውን የሚያየው በስልኩ ነው። ፀሐይ ባለበት የተቀረጸውን በ9 ይሁን በ13 አይለይልህም።

ጉዱ ሲመሽ ነው። ድንኳን ውስጥ አንድ ሁለት አምፖል ብቻ ሲበራ የ9 ምስል አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ምክንያቱ ሴንሰሩ፣ ማለትም ካሜራው ውስጥ ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል ነው። የ9 እና የ10 ሴንሰር 1/2.3 ኢንች ነው። በ11 ወደ 1/1.9 ከፍ አለ፣ 13ም እዚያው ላይ ነው ያለው። ዲጄአይ ኦስሞ አክሽን 4 ግን 1/1.3 ኢንች ነው። ሴንሰር ሲሰፋ ብርሃን ይበዛለታል። የማታው ሥራ ካስቸገረህ ከ9 ወደ 13 ከመዝለል አክሽን 4 የበለጠ ይክስሃል።

የባትሪውን ነገር ደግሞ ልብ በል። 9፣ 10፣ 11 እና 12 የሚጠቀሙት አንድ ዓይነት ባትሪ ነው። 13 ግን ሌላ ነው፣ 1,900 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ አለው፣ የድሮው አይገባበትም። 13ን ከገዛህ አራቱም ባትሪዎችህ ለእሱ ዋጋ የላቸውም። ያገለገለ ግን ደህና 11 ወይም 12 ብታገኝ ሁሉም ይሠሩልሃል። 12 ጂፒኤስ የለውም፣ ለሰርግ ግን ምን ያደርግልሃል?

እኔ በአንተ ቦታ ብሆን 9ን ለመኪናና ለቀን አስቀርቼ ለማታ አክሽን 4 እጨምር ነበር። መያዣው ማግኔት ነው፣ አብሮት የሚመጣው እግሩ የጎፕሮ መያዣዎችህ ላይ ይገጥማል። ሙሉውን ሰርግ ግን በአክሽን ካሜራ ለመሸፈን አትሞክር። የሙሽራዋ ፊት በሰፊ ሌንስ በቅርብ ሲቀረጽ ይበላሻል። ለፊት ትልቁን ካሜራ ያዝ።

ጥያቄ (ሸዋ ሮቢት፣ ሞተረኛ)፦ ብሮ፣ ጎፕሮ 7 ነው ያለኝ። ከደብረ ብርሃን ጣርማበርን ወርጄ ቤቴ እስክደርስ እቀርጻለሁ። ሦስት ችግር አለብኝ። ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ዋሻው ውስጥ ይበላሻል፣ ደብረ ሲና ስደርስ ሌንሱ ይጤዛል። ልቀይረው?

መልስ፦ መጀመሪያ ካሜራው ላይ የተጻፈውን እየው። ብላክ ነው ወይስ ሲልቨር? ሃይፐርስሙዝ የሚባለው መንቀጥቀጥን የሚያጠፋው ነገር በ2018 የገባው በ7 ብላክ ነው። ሲልቨሩና ዋይቱ የላቸውም፣ ባትሪያቸውም አይወጣም። ሲልቨር ከሆነ ጥያቄው አልቋል፣ ቀይረው። ብላክ ከሆነ ግን ከመግዛትህ በፊት መያዣውን አስተካክል። እጀታ ላይ የታሰረ ካሜራ የሞተሩን ንዝረት በሙሉ ይቀበላል። ሄልሜቱ ላይ፣ አገጭህ ጋ እሰረው። አንገትህ ራሱ ንዝረቱን ይውጥልሃል። ከፊት ለፊትህ ያለውንም ልክ አንተ እንደምታየው ያሳያል።

ጣርማበር ጠመዝማዛ ስለሆነ ሞተሩን ስታጋድል አድማሱም አብሮ ይጋደላል። ይህ ከረበሸህ ከ11 ጀምሮ ያሉት ካሜራው ሙሉ ዙር ቢዞር እንኳ አድማሱን ቀጥ አድርገው ይይዛሉ። ለሞተረኛ እውነተኛ የመቀየሪያ ምክንያት የምለው ይህን ነው።

ዋሻውን ማንም ካሜራ ሙሉ በሙሉ አይፈታልህም። ጨለማ ሲሆን ካሜራው ብርሃን ለማግኘት ሹተሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባውን በር፣ ያዘገያል። እያንዳንዱ ፍሬም (ቪዲዮው የተሠራበት አንድ አንዱ ምስል) ይደበዝዛል። ማረጋጊያው የደበዘዘውን ምስል ሊያስተካክል ሲታገል ያ የምታየው መርገፍገፍ ይመጣል። ትልቅ ሴንሰር ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። መግቢያውንና መውጫውን አስቀርተህ መሀሉን በኤዲት ቁረጠው። መውጫው ላይ ብርሃኑ ድንገት ሲፈነዳ በጣም ያምራል፣ እሱን እንዳትቆርጥ።

ጤዛው የካሜራው ጥፋት አይደለም። ላይ ብርዱ መስታወቱን ያቀዘቅዘዋል፣ ወደ ቆላው ስትወርድ ሞቃቱና እርጥቡ አየር ቀዝቃዛውን መስታወት ሲነካ ውሃ ይሆናል። ውስጡ ከሆነ የጤዘው፣ ጉም ውስጥ ቆመህ ባትሪ ስትቀይር እርጥበት አስገብተሃል ማለት ነው። ባትሪና ሚሞሪ ቤት ውስጥ ቀይር። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት መጣጭ ትንንሽ ከረጢቶች ሰብስበህ የካሜራ ቦርሳህ ውስጥ አኑር። ደብረ ሲና ሻይ ስትጠጣም ካሜራውን ቦርሳው ውስጥ ዘግተህ ተወው፣ ቀስ ብሎ ይሙቅ።

ጥያቄ (ጓሳ አካባቢ፣ አስጎብኚ)፦ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለመቅረጽ የትኛው አዲስ ሞዴል ይሻላል?

መልስ፦ ለቀይ ቀበሮ አንዳቸውም። አክሽን ካሜራ ሰፊ ሌንስ ነው ያለው፣ ሃምሳ ሜትር ላይ ያለ ቀበሮ ነጥብ ሆኖ ይቀራል። ዙም ብትለውም ምስሉን መቁረጥ ነው እንጂ ማቅረብ አይደለም። በዚያ ብር ያገለገለ ካሜራ ከረጅም ሌንስ ጋር ፈልግ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከ500 አይበልጥም ይባላል። ለቪዲዮ ብለህ አትጠጋው፣ እንግዶችህንም አታስጠጋ።

ጭላዳ ሌላ ነው። መንጋው ሣር እየነጨ ራሱ ወደ አንተ ይመጣል። ያለህን ካሜራ መሬት ላይ፣ ሣሩ መሀል አስቀምጥና ራቅ በል። እጃቸው ሣሩን ሲለቅም ከታች ወደ ላይ የምታገኘው ምስል በማንም ትልቅ ካሜራ አይገኝም። ጠዋት ባትሪው ቶሎ የሚሞተው ከብርዱ ነው። ተቀያሪውን ባትሪ ከካፖርት ሥር፣ ደረትህ ጋ ያዘው። ኢንዱሮ የሚባለው የጎፕሮ ባትሪ ብርድ ይችላል፣ ከ9 እስከ 12 ላሉት ይሆናል።

ጥያቄ (መሀል ሜዳ፣ ጡረታ የወጡ መምህር)፦ ልጄ እንደምን ሰነበትክ? የአካባቢያችንን ሽማግሌዎች ታሪክ እየዞርኩ እቀርጻለሁ። ያለኝ ጎፕሮ 8 ነው። ድምፁ ይርቃል፣ አይሰማም። ልጆቼ አዲስ እንላክልዎ ይሉኛል። የትኛውን ልበላቸው?

መልስ፦ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደምን ሰነበቱ? ከመጡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ ልቤን የነካው የእርስዎ ነው። እነዚያ አባቶች የሚናገሩት ነገር ነገ አይገኝም።

ካሜራ አያስልኩ። ማይክ ያስልኩ። የየትኛውም አክሽን ካሜራ ማይክ ከሰውየው ሁለት ሜትር ከራቀ የሚሰማው ክፍሉን ነው። ልብስ ላይ የሚሰካ ገመድ አልባ ማይክ ይበሉ። ጎፕሮ 8 ማይክ የሚቀበለው በተጨማሪ ማገናኛ ነው፣ እሱንም አብረው ይላኩት።

እስከዚያው በስልክዎ ይሥሩ። ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ ያድርጉና የድምፅ መቅጃውን ያስጀምሩ። ሽማግሌው ጉልበት ላይ፣ ጋቢው እጥፋት ላይ ያኑሩት፣ ወደ ደረታቸው አዙረው። ካሜራውን ያስነሱና ፊት ለፊቱ አንድ ጊዜ ጮክ አድርገው ያጨብጭቡ። ኤዲት የሚያደርግልዎ ልጅ ጭብጨባውን ከጭብጨባው ጋር ሲያገጥመው ድምፅና ምስል ይጋጠማል። ቆርቆሮና ሲሚንቶ ያለበት ቤት ያስተጋባል፣ የሣር ቤት ቢያገኙ በጣም ጥሩ ነው። ካሜራውን ሴቲንግ ውስጥ ሊኒየር የሚለው የሌንስ ምርጫ ላይ ያድርጉት፣ ግድግዳው መጉበጡ ይቀራል። የቀረጹትንም ሁለት ቦታ ይገልብጡት፣ አደራ።

ጥያቄ (ደብረ ብርሃን፣ ሱቅ ያላት)፦ የሱቄን ዕቃ ስቀርጽ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ካሜራው አርጅቶ ነው?

መልስ፦ አላረጀም፣ እህቴ። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፣ ካሜራሽ 60 ላይ ተቀምጦ ይሆናል። ሴቲንግ ውስጥ አንቲ ፍሊከር የሚለውን 50 አድርጊው። ከዚያ በሰከንድ 25 ወይም 50 ፍሬም ላይ ትቀርጫለሽ። ምንም አትግዢ።

ጥያቄ (እነዋሪ)፦ ለጥምቀት ጉግስ ስሎ ሞሽን እፈልጋለሁ። ጎፕሮ 9 ይበቃል?

መልስ፦ 9 በ4ኬ እስከ 60 ፍሬም ነው። 120 የሚሰጥህ በ2.7ኬ ነው። ለስልክ ቪዲዮ 2.7ኬ ከበቂ በላይ ነው። በ4ኬ 120 ከፈለግህ ከ10 ጀምሮ ያሉት ይሰጡሃል። ፈረሱ አጠገብህ ሲያልፍ ኮቴው የሚያነሳው አፈር በ120 ሲዘገይ አንድ በአንድ ይታያል፣ ለእሱ ስትል ብትቀይር አልፈርድብህም። ግን ከሜዳው ዳር ቁም። ፈረሰኛው አንተን አይደለም የሚያየው።

ጥያቄ (አረርቲ)፦ አሥር ደቂቃ ሳልቀርጽ ካሜራው ይቆማል። አንዳንዴም «ሚሞሪ ኤረር» ይላል። ሞቷል?

መልስ፦ ከአሥሩ ዘጠኙ ሚሞሪው ነው። 4ኬ ቪዲዮ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ሲቀዳ በየሰከንዱ 12.5 ሜጋባይት ይጽፋል። በሰዓት 45 ጊጋባይት ማለት ነው። 64 ጊጋ ሚሞሪ ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላልህም። ቪ30 የሚል ምልክት ያለበትን ያዝ፣ የሚጽፍበት ፍጥነት በሰከንድ ከ30 ሜጋባይት በታች አይወርድም። አስመስለው የሠሩት ሚሞሪ በየቦታው አለ፣ ላዩ ላይ 256 ተጽፎ ውስጡ ሌላ ነው። እንደገዛኸው እስኪሞላ ቅረጽበትና መጨረሻውን ክፈተው። ካልከፈተ መልስ።

ካሜራው ራሱ ግሎ ከሆነ የሚጠፋው፣ ቆሞ ሲቀርጽ ነፋስ ስለማያገኝ ነው። ዋይፋዩንና ጂፒኤሱን አጥፋ፣ ጥራቱን ዝቅ አድርግ፣ ጥላ ፈልግለት።

ጥያቄ (የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ)፦ ያገለገለ ጎፕሮ 8 በርካሽ አግኝቻለሁ። ምን ምን ልይ?

መልስ፦ ሌንሱን በመጀመሪያ። የ8 የሌንስ መሸፈኛ እንደሌሎቹ ተፈትቶ አይቀየርም። መስታወቱ ላይ ጭረት ካለ ተወው። ባትሪውን አውጥተሽ ጠረጴዛ ላይ አስተኚው፣ ከተወዛወዘ አብጧል። የበሩን ጎማ በጣትሽ ዳሺው፣ ከተቀደደ ውሃ ያስገባል። ከዚያ ሻጩ እያየ ሃያ ደቂቃ ቅረጪ፣ ድምፁንም አድምጪ። «በኋላ ትሞክሪዋለሽ» ካለሽ ሂጂ። በነገራችን ላይ ዲጄአይ ከሆነ የምትገዢው፣ በስልክ አፕ አክቲቬት መደረጉን አረጋግጪ።

ጥያቄ (ደብረ ብርሃን)፦ 8ኬ የሚቀርጸውስ? ኢንስታ360 ኤስ ፕሮ 2ን እያየሁ ነው።

መልስ፦ ግሩም ካሜራ ነው። ለ8ኬው ብለህ ከሆነ ግን አትግዛው። ኮምፒውተርህ ያሁኑን 4ኬ ሳይንተፋተፍ ይከፍታል? ካልከፈተ መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ይቀየር።

ጥያቄ (ደብረ ሲና)፦ አሁን ልግዛ ወይስ አዲሱ ሞዴል እስኪወጣ ልጠብቅ?

መልስ፦ ጎፕሮ ከ9 እስከ 13 ሁሉንም ዋና ሞዴሎቹን ያወጣው በመስከረም አካባቢ ነው። አዲስ ሲወጣ የቀድሞው ዋጋ ይወርዳል፣ ያገለገለውም ገበያ ላይ ይበዛል። ስለዚህ ነሐሴ ላይ አትግዛ፣ ትንሽ ታገስ። ለጥምቀት የምትፈልገው ከሆነ ደግሞ ከታኅሣሥ አታሳልፈው። ሴቲንጉን የምትለምድበት ጊዜ ያስፈልግሃል፣ ታቦት ወጥቶ እልልታው ሲቀልጥ ሜኑ ውስጥ መፈለግ አይቻልም። የየትኛው ሞዴል ዋጋ እጅህ ላይ እንዳለ ጻፍልኝና አብረን እናየዋለን።