መልስ፦ ኮላጅን ቆራጭ ኢንዛይም እያለን ለምን አንፈርስም?

«ኮላጅን የሚቆርጥ ኢንዛይም ሰውነታችን ውስጥ ካለ ለምን አንፈርስም?» ላልከው፣ ኮላጅን ቆዳን፣ አጥንትንና ጅማትን አጠንክሮ የሚይዝ ፕሮቲን ነው፤ የሚቆርጡት ኢንዛይሞች (ኤምኤምፒ ይባላሉ) አብዛኞቹ ከሴል የሚወጡት እንደታሰሩ ነው። መቁረጫ ቦታቸው ላይ አንድ ዚንክ አለ። ከራሱ ከፕሮቲኑ የፊት ቁራጭ ላይ ያለ ሲስቲን የተባለ አሚኖ አሲድ በሰልፈሩ ዚንኩን ይዞ ይዘጋዋል። ሰገባ ውስጥ ያለ ቢላ በለው። እንደ ፕላዝሚን ያለ ሌላ ኢንዛይም ያንን ቁራጭ ሲያነሳለት የዚንኩ ቦታ ለውሃ ክፍት ይሆንና መቁረጥ ይጀምራል።

ከተፈታም በኋላ ዝም ብሎ አይለቀቅም። ቲምፕ የሚባሉ አራት ፕሮቲኖች አሉ፤ አንድ ለአንድ እየተጣበቁ ያስቆሙታል። ሚዛኑ ሲዛባ ነው ጉልበት ላይ ያለው ለስላሳ አጥንት የሚበላው፣ ድድም ጥርስ መያዝ የሚያቅተው።

ደግሞ ማፍረስ ሁሉ ክፉ አይደለም። በ1962 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎቹ ጀሮም ግሮስና ቻርልስ ላፒየር ኢንዛይሙን መጀመሪያ ያገኙት የእንቁራሪት ግልገል ጭራ ላይ ነበር፤ ጭራው ካልፈረሰ እንቁራሪት የለማ!

እነዚህን ኢንዛይሞች የሚያዳክም መድኃኒትም አለ፤ ለድድ በሽታ የሚታዘዘው ዶክሲሳይክሊን የተባለ አንቲባዮቲክ 20 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ነው። ይህ መጠን ባክቴሪያ ለመግደል አይበቃም፤ የሚሠራው እነዚህኑ ኢንዛይሞች በማዳከም ነው።