«ጋሼ፣ ጌሜ 18 ያገኛል?»

ባለፈው ወር አንድ ልጅ ከአዲስ አበባ በቴሌግራም የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ላከልኝ። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር የሚሠራው ጌም ነው። ጎራዴ አለ፣ ጨለማ አለ፣ ደም ደግሞ በባልዲ። ግድግዳው ላይ፣ መሬቱ ላይ፣ የጀግናው ጥርስ ላይ ሳይቀር። ከሥሩ አንድ መስመር ጽፏል፦ «ጋሼ፣ 18 ያገኛል?»

18 ማለት ጌሙ ለአዋቂ ብቻ ነው የሚል የዕድሜ ደረጃ ነው። ሳቅ አለኝ። በሥራው ላይ በቆየሁባቸው ሃያ ምናምን ዓመታት የምሰማው ተቃራኒውን ነበር፤ «እንዴት አድርገን ከ18 እናምልጥ?» ልጁ ግን 18ን እንደ ማዕረግ ነው የሚያየው። አልፈርድበትም። እኛም በልጅነታችን «ከ18 ዓመት በታች መግባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ቪዲዮ ቤት ደጃፍ ላይ ነበር የምንጋፋው።

መልስ ልጽፍለት ጀመርኩና ረዘመብኝ። ጌም ለመሥራት የምታስቡ ብዙ እንደሆናችሁ ስለማውቅ፣ ለሁላችሁም ይሁን ብዬ ነው እዚህ ያመጣሁት። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

ሲያትል አካባቢ ጌም ፈታሽ ነበርኩ። «እየተጫወትክ ነው የሚከፈልህ?» ይሉኛል ሰዎች። እናቴ እስክትሞት ድረስ ሥራ መሆኑን አላመነችም። ኋላ ላይ ለዕድሜ ደረጃ ሰጪዎች የሚላከውን ነገር ማዘጋጀት የእኔ ድርሻ ሆነ። አሜሪካ ውስጥ ደረጃውን የሚሰጠው ኢኤስአርቢ ነው። አውሮፓ ፔጊ አለ፣ ጀርመን ዩኤስኬ፣ ጃፓን ሴሮ። ብዙ ሰው እነዚህ ሰዎች ቁጭ ብለው ጌሙን እስከ መጨረሻው የሚጫወቱ ይመስለዋል። ኢኤስአርቢ በካርቶን ለሚሸጥ ጌም የሚሠራው እንደዚያ አይደለም። አምራቹ ረጅም መጠይቅ ይሞላል። በጌሙ ውስጥ ካለው የከፋውን ሁሉ በቪዲዮ ቀርጾ ይልካል። እነሱ ያንን አይተው ይወስናሉ።

ያንን ቪዲዮ የምቀርጸው እኔ ነበርኩ። የአርባ ሰዓት ጌም ውስጥ ያለውን መጥፎ መጥፎውን ብቻ ለቅማችሁ አንድ ላይ ስታደርጉት ምን እንደሚመስል አስቡት። ቀልዱ የለም፣ ረጅሙ መንገድ የለም፣ ሰውየው ልጁን ቀብሮ ዝም ብሎ የሚቀመጥበት ቦታ የለም። ግድያ፣ ስድብ፣ ግድያ። ደረጃ ሰጪዎቹ ከምን ጋር ተያይዞ እንደመጣ አያዩም አልልም፤ ያያሉ። ግን መጀመሪያ የሚቆጠረው የሚታየውና የሚሰማው ነው።

አንድ ምሽት ትዝ ይለኛል። አለቆቻችን የፈለጉት 13 ዓመት የሆነው ሁሉ የሚጫወተው ጌም ነበር። ደሙን የምትሠራው ባልደረባዬ ስክሪኑ ላይ መጠኑን የምታስተካክልበት አንድ መስመር ነበራት። መቶ ላይ ነበር። ወደ ስልሳ አወረደችው። «ወለሉ ላይ ስንት ሰከንድ ይቆይ?» አለችኝ። «ሁለት» አልኳት። አሁንም በዛ ተባለ። ቀዩን ቡናማ አደረገችው። በመጨረሻ ደሙ ቀረና አቧራ ሆነ። ሰውየው በጥይት ሲመታ እንደተራገፈ ምንጣፍ ቡን ይልና ይጠፋል። ሁለታችንም ሳቅን። እኔ ግን ማታ መኪና ውስጥ ሆኜ አልሳቅ አለኝ። ጌሙ ውስጥ በአንድ ሰዓት ሦስት መቶ ሰው ትገድላላችሁ። አንድም ሬሳ አታዩም። ለ13 ዓመት ልጅ ይሆናል የተባለው ይህኛው ነው።

ይህን የምላችሁ ደረጃ አያስፈልግም ለማለት አይደለም። አመጣጡን ስታዩ እንዲያውም የሚገርም ነው። ሞርታል ኮምባት የሚባለው የድብድብ ጌም 1993 ለቤት መጫወቻ ሲወጣ፣ የመጫወቻ ማሽን ሠሪው ኒንቴንዶ ደሙን ወደ ግራጫ ላብ አስለወጠው። ተፎካካሪው ሴጋ ግን ቁልፎቹን በቅደም ተከተል ለነካ ሰው ደሙን ለቀቀለት። የበለጠ የተሸጠው የሴጋው ነው። የዚያን ዓመት ታኅሣሥ የአሜሪካ ሴኔት ኩባንያዎቹን ጠርቶ አፋጠጣቸው። መንግሥት ሕግ ሳያወጣብን ራሳችን እናድርገው አሉና 1994 ኢኤስአርቢ ተቋቋመ። ያው በዚያው ዓመት ሁለተኛው ሞርታል ኮምባት ወጣ፤ ኒንቴንዶም ላይ በቀይ ደሙ። ደረጃው ደምን ያጠፋል ሲባል፣ ከላዩ ላይ እስከተጻፈ ድረስ ይፈስሳል ማለት ሆነ።

አሜሪካ ውስጥ ደረጃው ሕግ አይደለም። ካሊፎርኒያ ኃይለኛ ጌም ለልጆች መሸጥን የሚከለክል ሕግ አውጥታ ነበር፤ 2011 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 7 ለ 2 ጣለው። ግን ከሕግ የባሰ ነገር አለ፤ ሱቅ። ኢኤስአርቢ ዘንድ 17 እና 18 የሚባሉ ሁለት የላይ ደረጃዎች አሉ። ልዩነታቸው አንድ ዓመት ነው። 17 የተሰጠው ጌም በሚሊዮን ይሸጣል። 18 የተሰጠውን ሶኒም፣ ማይክሮሶፍትም፣ ኒንቴንዶም በማሽናቸው ላይ አይቀበሉም፤ ትልልቆቹ መደብሮችም አያስገቡትም። ማንሃንት 2 የሚባለው ጌም 2007 ላይ 18 ሲሰጠው አምራቾቹ ግድያዎቹን አደብዝዘው እንደገና አቀረቡና 17 አገኙ። ስለዚህ አንተ ልጅ፣ 18 ስትለኝ የየትኛው አገር 18 እንደሆነ ንገረኝ። የአውሮፓው 18 እንጀራ ያበላል። የአሜሪካው በር ይዘጋል።

2005 የሆነውን ደግሞ በሥራው ላይ የነበርን ሁሉ አንረሳውም። ግራንድ ቴፍት አውቶ፦ ሳን አንድሪያስ በ17 ደረጃ እየተቸበቸበ ነበር። ሠሪዎቹ አንድ የወሲብ ትዕይንት ጀምረው ትተውታል፤ ግን ከዲስኩ አላጠፉትም፣ ቆልፈው ነው የተዉት። አንድ ኔዘርላንዳዊ ፕሮግራመር ቁልፉን የሚከፍት ትንሽ ነገር ኢንተርኔት ላይ ለቀቀ። በሐምሌ ኢኤስአርቢ ደረጃውን ወደ 18 ቀየረው፤ መደብሮቹም ከመደርደሪያ አወረዱት። ከዚያ ወዲህ ዲስኩ ላይ ያለ ነገር ሁሉ፣ የተቆለፈውም ጭምር፣ ይነገራል።

እኔ ይህን እያወቅኩ ነው የተሳሳትኩት። የምሠራበት ስቱዲዮ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ከጌሙ ቆርጦ ጣለ። እኔም «የለም» ብዬ ፎርሙን ሞላሁ። ዲስኩ ሊታተም ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሌሊት ላይ ባነንኩ። ምስሉ ተቆርጧል፤ ድምፁስ? ጠዋት ሄጄ ማዳመጫ አድርጌ የድምፅ ፋይሎቹን አንድ በአንድ መስማት ጀመርኩ። ስድስት ቀን ፈጀብኝ። በስድስተኛው ቀን አገኘሁት። አንድ ሰካራም ሆኖ የሚተውን ተዋናይ፣ ከስክሪፕቱ ውጪ፣ የእናት ስድብ ጨምሮ አሥራ አራት ሰከንድ ሙሉ ሲሳደብ። ጎበዝ ተዋናይ ነበር። ያስቆረጣችሁትን አጥፉት። ቆልፋችሁ አትተዉት።

አንዳንዴ ደግሞ አንድ ቃል ብቻ ነው ነገሩ። ፎልአውት 3 ውስጥ ሲቆስሉ የሚወጉት ማስታገሻ ሞርፊን ይባል ነበር። 2008 አውስትራሊያ የእውነተኛ ዕፅ ስም ነው ብላ አልፈቅድም አለች። ያኔ አውስትራሊያ ለጌም 18 የሚባል ደረጃ አልነበራትም፤ 2013 ነው የጀመረችው። ካለፈ ያልፋል፣ ካላለፈ ይታገዳል። ሠሪዎቹ ስሙን ሜድ-ኤክስ አሉት፤ ለአውስትራሊያ ብቻ ሳይሆን ለዓለም ሁሉ። መርፌው ያው ነው፣ ክንዱ ያው ነው።

ባላትሮ የገጠመውን ደግሞ ሳስበው እስካሁን ያበሳጨኛል። በካርታ የሚጫወቱት ጌም ነው፤ ገንዘብ የሚያስይዙበት ቦታ እንኳን የለውም። የፖከር አካሄድ ያስተምራል ብሎ ፔጊ 18 ሰጠው። በእውነተኛ ገንዘብ የዕድል ፓኬት፣ ማለትም ውስጡ ምን እንዳለ ሳይታወቅ የሚገዛ ነገር፣ የሚሸጡት የእግር ኳስ ጌሞች ደግሞ 3 ዓመት ተጽፎባቸው ይሸጡ ነበር። ባላትሮ 2025 ላይ ይግባኝ ተሰማለትና ወደ 12 ወረደ።

የእኛ አገር ነገር ሌላ ነው። ካቻምና ክረምት ሰፈር ስሄድ አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት ገባሁ። ዘጠኝ ዓመት የሚሆነው ልጅ መኪና እየቀማ ሰው ይገጫል። ባለቤቱን «ሳጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር አይተኸዋል?» አልኩት። «ጋሼ፣ ሳጥኑ የታለ?» አለኝ። እውነቱን ነው። እናንተ ግን ስልክ ላይ ልታወጡት ካሰባችሁ ጎግል ፕሌይ መጠይቅ ያስሞላችኋል። በነፃ ነው። አንዴ ስትሞሉት ለየአገሩ የየራሱ ቁጥር ይወጣል። የምትሞሉትን ጌሙ ካለቀ በኋላ አትዩት፤ አሁን አንብቡት። የትኛው ትዕይንት ምን እንደሚያስከፍላችሁ አውቃችሁ ግቡ። አንዳንዱ የሚከፈልለት ነው፣ አንዳንዱ በከንቱ ነው።

ልጁ ትናንት ሌላ ጥያቄ ላከልኝ። የጀግናው አጎት ጫት ይቅማል። ማታ ማታ እየቃመ የድሮ ታሪክ ይነግረዋል። መጠይቁ ዕፅ አለ ወይ ሲለው ምን ይበል? እዚያ ጫት ሕጋዊ ነው፤ እዚህ አሜሪካ ክልክል ነው። «አለ በል» አልኩት። ቁጥሩን ከፍ ሊያደርግበት ይችላል። ስሙን ቀይሮ አንድ የፈጠራ ቅጠል ቢያደርገው ምናልባት ያመልጣል። አጎትየው ግን ከዚያ በኋላ የአወዳይ ሰው አይሆንም። እሱ ይወስን።

ስለ ደሙ ምንም አላልኩትም። ያንን የአጎቱን ትዕይንት ላክልኝ አልኩት። ገና አልሠራነውም አለ።