እናትሽ ኬሞ ልትጀምር ነው ላልሽው እህት፣ እኛ ዓመቱን እንዴት እንዳሳለፍነው

እህቴ ጥያቄሽን ማታ ነው ያየሁት። እናትሽ የጡት ካንሰር ተብላ ኦፕራሲዮን እንደተደረገችና አሁን ኬሞ (የካንሰሩን መድሃኒት) ልትጀምር እንደሆነ፣ ቤታችሁም ከደብረ ብርሃን ራቅ ያለ ገጠር እንደሆነ ጽፈሽ "ስለ መድሃኒቱ ሐኪሙ ነግሮናል፣ ቤት ውስጥ ግን እንዴት ነው የሚኖረው?" ነው ያልሽው። እግዚአብሔር ይማርልሽ በመጀመሪያ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ግን የኔም እናት በዚሁ በሽታ ኦፕራሲዮን፣ ኬሞ፣ ጨረር ጨርሳ አሁን ኪኒን ላይ ነች። እኔ ደብረ ብርሃን ነኝ፣ እማዬና አባባ ሰላድንጋይ አካባቢ ናቸው፣ ዓመቱን እኔ ቤትና እነሱ ቤት እየተመላለስን ነው የገፋነው።

ከሁሉ በላይ የጠቀመን ነገር ቤቱን በመድሃኒቱ ቀን ማስተካከላችን ነው። የእማዬ ኬሞ በየ21 ቀኑ ነበር የሚሰጠው፣ የናትሽም እንደዛ ሊሆን ይችላል ጠይቂ። 21ዱ ቀን ሁሉ አንድ አይደለም። ከተሰጣት ማግስት ጀምሮ አራት አምስት ቀን ማቅለሽለሽና ድካም ነው፣ ሰው ማናገርም አትፈልግም። ከዛ ሳምንቱ ሲያልፍ ተሻላት ትያለሽ፣ ትነሳለች፣ ትበላለች፣ ግን ኢንፌክሽን የሚከላከልላት ነጭ የደም ሴሏ የሚወርደው በዛው ጊዜ ነው እስከ ሁለተኛው ሳምንት ማብቂያ፣ ስለዚህ ላይዋን አይታችሁ አትዘናጉ። ሦስተኛው ሳምንት ግን በቃ እናትሽ ራሷ ትመለሳለች። እኛ ቤት ቀን የሚቆጠረው በሚካኤል በማርያም ነበር፣ ያን ዓመት ግን "ዛሬ ስንተኛ ቀኗ ነው?" ሆነ ጥያቄው፣ ትልቁ ልጄ ግድግዳው ካሌንደር ላይ በእስክሪብቶ እየቆጠረ ይጽፍላት ነበር።

እና ለልብ የሚሆን ነገር ሁሉ ሦስተኛው ሳምንት ላይ አስገቡት። እማዬ ሁለቱን ሳምንት እኔ ጋ ትሆንና ሦስተኛው ላይ ሰላድንጋይ እንወስዳታለን፣ ከብቷን ታያለች፣ ማህበሯ ላይ ትቀመጣለች፣ የአጎቴን ልጅ ሰርግ እንኳን ቀኑን ለሷ ሲሉ አንድ ሳምንት ገፉት። ብዙ ቤተሰብ እስክትድን ድረስ ብሎ ሰርጉንም ክርስትናውንም ትቶ ቤቱን አጨልሞ ይቀመጣል፣ እኔ ይሄን አልወደውም። ዓመት እኮ ረጅም ነው፣ የሷም ዕድሜ ነው የሚቆጠረው፣ ታማሚዋ ደሞ በኔ ምክንያት ነው ሁሉ የቆመው ብላ ሌላ ሸክም ትሸከማለች።

ሁለተኛውን ሳምንት በተመለከተ አደራ የምልሽ ቴርሞሜትር ግዢ። ዛሬ ነገ ሳትዪ። ሙቀቷ 38 ከደረሰ ወይ ካለፈ፣ ሌሊትም ይሁን ቀን ሆስፒታል ነው፣ ፓራሲታሞል ሰጥቶ ይነጋልናል ማለት የለም ምክንያቱም ኪኒኑ ትኩሳቱን ይደብቀዋል እንጂ ኢንፌክሽኑን አያቆመውም። እኛ አንድ ሌሊት ደርሶብናል፣ ማታ ስትተኛ በረደኝ በረደኝ አለች፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ደሞ የታወቀ ነው ማንም ሰው ይበርደዋል፣ ብለካት 38 ከምናምን። ባለቤቴ ወዲያው ሰፈር ውስጥ ቀድመን ያነጋገርነውን ባለባጃጅ ቀሰቀሰው፣ ድንገተኛ ክፍል እንደገባን የመጀመሪያ ቃላችን "ኬሞ ላይ ነች፣ ዛሬ አሥረኛ ቀኗ ነው" ነበር፣ እሱን ሲሰሙ ተራ ሳያስጠብቁ ደም ወስደው በደም ስር አንቲባዮቲክ ጀመሩላት። ለዛ ነው እናንተም ገጠር ከሆናችሁ ቢያንስ ሁለተኛውን ሳምንት ሆስፒታል ቅርብ የሆነ ዘመድ ቤት ትሁን የምልሽ፣ መንገዱም እንደምታውቂው የሚዘጋበት ቀን አለ። ለቀጠሮም ቢሆን አንድ ሁለት ቀን ቀድማችሁ ውጡ፣ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ብላችሁ በጠዋት ተነስተን እንደርሳለን አትበሉ።

ጠያቂ ትልቅ ፈተና ነው። አገራችን የታመመ ሳይጠይቅ የሚያድር የለም፣ ይሄ ደግሞ ጌጣችን ነው፣ ግን የሚያስለውም ልጅ ያዘለውም እኩል ይመጣል፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ይቀመጣል፣ ይስማታል። እኔ ብከለክል ኮራች ነው የሚባለው። ይሄን የፈቱልን አባባ ናቸው። እኔ ጋ በሰነበቱ ጊዜ ጋቢያቸውን ደርበው በር ላይ ፀሐይ ያለበት መደብ ላይ ይቀመጣሉ፣ የመጣውን ሰው ተነስተው ይቀበሉታል፣ እዛው ያስቀምጡታል፣ ቡናውም እዛው ይወጣል፣ "መድሃኒቱ በዚህ ሳምንት ሰው አይፈልግም፣ በሚመጣው ሳምንት ራሷ ታስተናግዳችኋለች" ይላሉ። እማዬ ደሞ በመስኮት አንገቷን ብቅ አድርጋ ሰላም ትላለች። ሽማግሌ ሲናገረው ማንም አልተቀየመም። እናንተም ቤት እንዲህ የሚናገር ትልቅ ሰው ምረጡ።

ምግብ። ሽንኩርት ሲቁላላ ሽታው ብቻ ያስመልሳት ነበር ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወጡን ጎረቤት ቤት ነበር የምንሠራው፣ ለሷ ቀዝቀዝ ያለ ነገር ትንሽ ትንሽ ቶሎ ቶሎ፣ አጥሚት፣ አልጫ ሽሮ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ሙዝ። በርበሬ አፏ ሲቆስል ጭራሽ አይታሰብም። ለአፍ ቁስል ነርሷ የነገረችን አንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ አድርጎ በቀን ብዙ ጊዜ መጉመጥመጥ ነው፣ በጣም ረድቷታል። ጥሬ ሥጋ፣ ክትፎ ለብ ለብ፣ ያልፈላ ወተት፣ ጠላ ይቅር። ወተቱን አፍሉት ብቻ። ጾም ላይ ግን ተቸግረን ነበር፣ ዐቢይ ጾም መሃል ላይ ኬሞዋ ገባና እንቁላል አልነካም አለች፣ እኛ ብንለምን አልሰማ አለች፣ የንስሐ አባቷን ጠራናቸውና እሳቸው ራሳቸው አጠገቧ ተቀምጠው ፈቀዱላት፣ ስትድኚ ትጾሚያለሽ ብለው። በልጅ ቃል የማይሆን ነገር አለ፣ አባ ሲሏት በላች።

ጠበልም እንደዛው ነው። እማዬ ጻድቃኔ ማርያም ካልሄድኩ አለች፣ ለኛ ቅርባችን ነች። እኔ ጠበልን የምቃወም ሰው አይደለሁም፣ የምፈራው ግን ጠበል ገብቼ መድሃኒት አልወስድም ተብሎ ቀጠሮ የሚያልፍበትን ነገር ነው፣ እንደዛ አድርገው በሽታው ከተስፋፋ በኋላ የተመለሱ ሰዎች ቀጠሮ ቦታ አይቻለሁ፣ ያንን አይቶ ዝም ማለት አይቻልም። ለሐኪሟ ደብቀን ሳይሆን ነግረን፣ በሦስተኛው ሳምንት፣ ኪኒኖቿን ይዛ፣ ብዙ ሳትቆይ ሄዳ ተባርካ ተመለሰች። ፊቷ ላይ የነበረው ሰላም ልነግርሽ አልችልም። ሁለቱ አይጣሉም፣ ቀኑን ማስተካከል ነው።

ኬሞዋ ውስጥ ቀዩ መድሃኒት (ዶክሶሩቢሲን) ካለበት ሽንቷ አንድ ሁለት ቀን ሊቀላ ይችላል፣ ደም አይደለም አትደንግጡ። ፀጉር ከመጀመሪያው ኬሞ በኋላ በሁለት ሦስት ሳምንት ይረግፋል፣ እማዬ ትራስ ላይ ሲረግፍ ከማይ ብላ ራሷ አስቀድማ ተላጨችና ሻሿን አሰረች። ከዛ በኋላ የሚመጣው ፓክሊታክሴል የሚባለው ደግሞ ማስመለሱ ይቀንሳል፣ ግን እጅና እግር ያደነዝዛል። እናቴ የበግ ጸጉር ስትፈትል የኖረች ሴት ነች፣ የቤታችን ባና ሁሉ የእጇ ነው፣ አንድ ቀን ፀሐይ ላይ ቁጭ ብላ እየፈተለች እንዝርቱ ከእጇ ወደቀ፣ አነሳችው፣ ደግሞ ወደቀ፣ ክሩ ጣቷ ላይ ይኑር አይኑር አይታወቃትም። እሷ ብርዱ ነው ብላ ልታልፈው ነበር፣ እኔ ግን ቀኑን ጽፌ ለቀጠሮ ይዤ ሄድኩ፣ ሐኪሟ ይሄን መናገራችሁ ጥሩ ነው ብሎ መጠኑን አስተካከለላት። እናቶቻችን ሕመም መናገር አይወዱም፣ እብጠቱንም መጀመሪያ ዝም ያለችው ስለማያማት ነው። ስለዚህ "አመመሽ?" ብለሽ አትጠይቂያት፣ የለም ነው መልሷ። ቁልፍ መቆለፍ አቃተሽ ወይ፣ ትላንት ስንት ጊዜ አስቀመጠሽ፣ ውሃ ስትጠጪ አፍሽን አቃጠለሽ ወይ በያት።

በኦፕራሲዮኑ ከብብቷ ስር እጢ ወጥቶላት ከሆነ በዛ በኩል ባለው ክንድ የደም ግፊት አይለካም ደምም አይወሰድም፣ ጄሪካን አታንሳበት፣ ምጣድ ላይ እንዳትቃጠል። ክንዱ ማበጥ ከጀመረ ቶሎ ይነገር።

ገንዘብ ላይ፣ የጤና መድህን ደብተራችሁ መታደሱን እዩ፣ ሪፈሩም ከታች ጀምሮ ደረጃውን ጠብቆ የመጣ ይሁን አለበለዚያ ችግር ነው። ቢሆንም መድሃኒት የለም ተብሎ ውጭ ግዙ የሚባልበት ቀን ይመጣል፣ ያኔ ቀይ መስቀልና ከነማ ፋርማሲዎችን ቀድማችሁ ጠይቁ፣ የዋጋው ልዩነት ብዙ ነው። አባባ ወይፈን ሸጠዋል፣ እድራችንም ረድቶናል፣ ታናሽ እህቴ ቤሩት ሆና በየወሩ ትልክ ነበር። እሷ ላይ አንድ ነገር ልበል፣ ብር የምትልከው ልጅ ከሩቅ ሆና የምትሰቃየውን ማንም አያይላትም፣ በየማታው ቪዲዮ ደውላ እማዬ የበላችውን ታስቆጥረኝ ነበር፣ እኔም ደክሞኝ ቢሆን ስልኩን አልዘጋባትም። ወንድሜ ደሞ አዲስ አበባ ስለሆነ ፋይሉን የሚይዘው እሱ ብቻ ነው፣ ፓቶሎጂው (የእብጠቱ ምርመራ ውጤት)፣ የደም ውጤቱ፣ ካርዱ ሁሉ በአንድ ክላሰር። ሥራውን ካልተከፋፈላችሁ አንድ ሰው ላይ ይወድቅና መነታረክ ይመጣል።

ጨረር ከታዘዘላት ከሰኞ እስከ አርብ በየቀኑ ነው ለሳምንታት፣ ተመላልሶ አይቻልም። ለብዙ ዓመት በአገራችን ጨረር የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፣ አሁን ሌላም ቦታ ተጀምሯል፣ ቢሆንም ወረፋ ስለሚኖር ከኬሞው ማለቂያ ቀደም ብላችሁ ቀጠሮውን ጠይቁ። ማረፊያ ዘመድ ከሌላችሁ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ የካንሰር ታካሚዎች አዲስ አበባ ማረፊያ አለው፣ ቦታ መኖሩን ደውላችሁ አረጋግጡ። ጨረር ያረፈበት ቆዳ ላይ ሳይነግሯችሁ ቅቤም ቅባትም አትቀቡ።

የበሽታውን ስም ደብቁላት የሚሉሽ ይኖራሉ፣ እኛንም ብለውናል። እኛ ነገርናት። አልቅሳለች፣ ግን ከዛ በኋላ ቀጠሮዋን የምታስታውሰን እሷ ነበረች፣ ኪኒኗንም (ታሞክሲፈን ነው፣ ካንሰሩ እንዳይመለስ የሚወሰድ፣ ቢያንስ 5 ዓመት ትወስደዋለሽ ተብላለች) ዛሬ ድረስ ማንም ሳይነግራት ነው የምትውጠው።

አንቺ ደግሞ ጡትሽን ታይተሽ ታውቂያለሽ? የናት ሕመም ስለሆነ ለሐኪሟ ንገሪው፣ እኔና እህቴ ተመርምረናል። የመጀመሪያ ኬሞዋ መቼ እንደሆነና የየትኞቹ መድሃኒቶች ስም እንደተጻፈላት እዚሁ ጻፊልኝ፣ ይዛችሁ የምትሄዱትን ነገር አንድ በአንድ እነግርሻለሁ።