መልስ፦ በሞባይል ዳታ ዙም ስገባ ድምፄ ይቆራረጣል፣ ምን ላድርግ?

እህቴ፣ መጀመሪያ ካሜራሽን አጥፊው። ዙም ላይ ድምፅ ብቻውን በሰከንድ ከ60 እስከ 80 ኪሎቢት ይበቃዋል። ጥራት ያለው ቪዲዮ ግን በሁለት ሰው ጥሪ እንኳ 600 ኪሎቢት ይፈልጋል። እኔ የሥራ ቃለ መጠይቅ መሃል ምስሌ ደርቆ ቀረ። ካሜራውን እንዳጠፋሁ ድምፄ ጠራላቸው። ፊትሽን ማሳየት ግድ ከሆነ፣ ሰላም እስክትባባሉ ክፈቺና ከዚያ ዝጊው።

ብዙ ሰው የሚረሳው ደግሞ የሌሎቹም ምስል አንቺ ጋ ሲወርድ ዳታሽን እንደሚበላ ነው። ዙም ላይ የሚመጣውን ቪዲዮ ማስቆም ይቻላል። ጉግል ሚት በኮምፒውተር ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ቪዲዮ የሚለውን ክፈቺና የምትልኪውንም የምትቀበዪውንም ወደ 360ፒ (ዝቅ ያለ የምስል ጥራት) አውርጂው።

ከመግባትሽ በፊት ቴሌግራም የሚያወርደው ፋይል ካለ አስቁሚው፤ እሱም ያንኑ መስመር ይሻማሻል።