መልስ፦ ኢትዮጵያ የ1962ቱን የአፍሪካ ዋንጫ ስትወስድ አምበሏ ማን ነበር?

አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው። ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ የተቀበለውም እሱ ነው። «አባቴ አምበሉ መንግሥቱ ወርቁ ነው ይሉኛል» ላልከው፣ አባትህ ከመሬት ተነስተው አይደለም፤ የማሳረጊያዋን ጎል ያገባው መንግሥቱ ነው።

በፍጻሜው ሁለቴም የቀደመችው ግብፅ ናት። የእኛው ተክሌ አንድ ለአንድ ባደረገ በደቂቃው የግብፁ ባዳዊ ደገመ። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ሉቺያኖ 2 ለ 2 አደረገው። በጭማሪው ሰዓት መጀመሪያ ታናሽ ወንድሙ ኢታሎ፣ ቀጥሎ መንግሥቱ። 4 ለ 2! ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ፍጻሜ ጎል ሲያገቡ አስበው።

ሉቺያኖ በ1935 አስመራ ተወለደ፤ እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ጣሊያናዊ። ለድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ቡድን ተጫውቷል። በደርግ ጊዜ፣ በ1978፣ ወደ ጣሊያን ተሰደደ። በ2022 እዚያው አረፈ።

ስትጽፍ ዓመተ ምሕረቱን ተጠንቀቅ። እዚህ የጻፍኩት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው። ጨዋታው በእኛ ጥር 13 ቀን 1954 ነው። እኔ አንዴ «1962 ዓ.ም.» ብዬ ለጥፌ፣ ስምንት ዓመት ወደፊት ወስጄው መሳቂያ ሆኛለሁ።