ስብሰባ መምጣት ስንት ያስከፍላል?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ከተማችሁ የኢኮኖሚ ልማት ዕቅድ እያወጣ ነው፤ የሕዝብ ምክክሩ ደግሞ አንቺ ላይ ወድቋል። ሁለት ጊዜ ስብሰባ ጠርተሽ ሁለቱንም ጊዜ የመጡት ያው የለመድናቸው ፊቶች ሆኑብሽ። ሦስተኛው በቅርቡ አለ። "የጎዳና ነጋዴውን፣ ሥራ ፈላጊውን ወጣት፣ አካል ጉዳተኛውን፣ ከሌላ ቦታ መጥቶ የሰፈረውን ሰው እንዴት አድርጌ ላምጣው?" ነው ያልሽው።

እኔ በዚህ ሥራ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። የመጀመሪያዎቹን መድረኮች በደንብ አድርጌ አበላሽቻቸዋለሁ። የምነግርሽ አብዛኛው ከዚያ የተገኘ ነው።

"እንዴት ላምጣው" የሚለውን ለጊዜው ተይው። "መምጣቱ ስንት ያስከፍለዋል?" ብለሽ ጀምሪ። በሥራ ቀን ጠዋት አዳራሽ ውስጥ የሚደረግ ስብሰባ ለማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኛ ደሞዝ የሚታሰብለት ሰዓት ነው። ለሕንፃ ባለቤቱ ጉዳዩን የሚያስፈጽምበት አጋጣሚ ነው። ለጡረተኛው ጊዜ ማሳለፊያም ይሆናል። መንገድ ዳር ለምትሸጠዋ ሴት ግን የቀኑ ገበያ ግማሹ ነው። ቦታዋን ሌላ ሰው ይይዝባታል። ልጇን የምትተውበት የላትም። የትራንስፖርትም አለ። ይህን ሁሉ ከፍላ ትመጣለች፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ የሌላ ሰው ንግግር ትሰማለች፣ "አስተያየት ያላችሁ" ሲባል እጇን ብታወጣም የሚያያት የለም። ሌላ ጊዜ ትመጣለች? እኔ ብሆን አልመጣም።

እኛ ግን በመጀመሪያው ሪፖርታችን ላይ ምን ብለን ጻፍን መሰለሽ? "የኅብረተሰቡ የግንዛቤ ማነስ።" አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ሴትየዋ ግንዛቤ አላነሳትም። ሒሳቡን ከእኛ ቀድማ ሠርታ ጨርሳዋለች።

ነገሩ የድሃ ከተማ ችግር ብቻ እንዳይመስልሽ። የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት ውስጥ በ97 ከተሞች ስለ ቤት ግንባታ የተደረጉ ስብሰባዎችን ቃለ ጉባኤ አገላብጠው ነበር። ተነስተው የሚናገሩት ሰዎች ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸሩ በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ወንዶችና የቤት ባለቤቶች ይበዙባቸዋል። በኮቪድ ጊዜ ስብሰባው ወደ ዙም ሲዞርም እምብዛም አልተለወጠም። አለቃሽ "ኦንላይን እናድርገውና እንገላገል" ካለሽ ይህን ንገሪው።

የእኔን ጥፋት ልንገርሽ። አንድ ከተማ ውስጥ የንግድ ማዕከል ሊሠራ ታስቦ ምክክር አደረግን። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ካሜራም ነበር። የማኅበር መሪዎች ተናገሩ፣ የሕንፃ ባለቤቶች ተናገሩ፣ ባለሙያዎች ተናገሩ። ሁሉም ደገፈ፣ ተጨበጨበ። ባለ ሦስት ፎቅ ማዕከል ተሠራ። ለጎዳና ነጋዴዎቹ ላይኛው ፎቅ ላይ ቦታ ተሰጣቸው። ጥቂት ወራት ቆዩና አንድ በአንድ ወደ መንገድ ዳር ተመለሱ። ኋላ አንዲት አትክልት ሻጭ አግኝቼ ለምን እንደተመለሰች ጠየቅኋት። "የእኔ ደንበኛ ከአውቶቡስ ሲወርድ ነው የሚገዛኝ። ደክሞታል፣ ቸኩሏል። ለአንዲት ፌስታል አትክልት ፎቅ ይወጣልኛል?" አለችኝ። አንዳችን እንኳ ማቆሚያው ጋ ቆመን ጠይቀናት ቢሆን በአምስት ደቂቃ ትነግረን ነበር።

ከዚያ በኋላ አዳራሹን ተውኩና ወደ ሰዉ መሄድ ጀመርኩ። እሱም ቢሆን ዘዴ አለው። ገበያ በሚደራበት ሰዓት ከሄድሽ ያባርሩሻል፤ ልክም ናቸው። ዕቃ የሚዘረጋበት ማለዳ ወይም ገበያው ቀዝቀዝ የሚልበት ሰዓት ይሻላል። ከሃያ ደቂቃ አታስበልጪ። አርባ ጥያቄ ያለው መጠይቅ ይዘሽ አትቁሚባቸው። እኔ የምጠይቀው ሦስት ነበር፦ አሁን ገቢሽን የሚቀንስብሽ ምንድን ነው? ካምናው ምን ተለወጠ? ከተማው አንድ ነገር ብቻ ያደርጋል ቢባል ምን ይሁን? የአካባቢውን ካርታ በትልቁ አሳትመሽ መሬት ላይ ዘርጊው። "የሚሸጠው የት ነው? የሚያስፈራው የት ነው?" በይና ጠጠር ያስቀምጡበት። ማንበብ የማይችለውም እኩል ይናገራል።

ጠያቂዎቹን ከዚያው ሰው መካከል መልምዪ። ክፈያቸው ደግሞ። ባለሙያው ሲመጣ አበል ይታሰብለታል፤ ነዋሪው ሲሆን "በጎ ፈቃደኛ" ይባላል። ይህ ነገር ሁሌ ያናድደኛል።

ደርባን፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ዋርዊክ ጀንክሽን የሚባል ትልቅ መናኸሪያ አለ። በሺዎች የሚቆጠሩ የጎዳና ነጋዴዎች ይሠሩበታል። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ከተማው አካባቢውን ለማደስ ሲነሳ የፕሮጀክቱ ሰዎች እዚያው አካባቢው ውስጥ ቢሮ ከፍተው ተቀመጡ። ከነጋዴዎቹ ጋር በየሚሸጡት ዕቃ ዓይነት ለየብቻ ተነጋገሩ። እግረኛ መንገድ ላይ ይሸጡ የነበሩት የባህል መድኃኒት ነጋዴዎች የራሳቸው ገበያ ተሠራላቸው። የት መሰለሽ? ሳያልቅ በቀረ የመኪና ድልድይ ላይ፣ መንገደኛው በሚያልፍበት። የእኛን ሦስተኛ ፎቅ አስቢው እስቲ።

ግን በአንድ ጥሩ ጊዜ አትታለዪ። ያው ከተማ እ.ኤ.አ. በ2009 እዚያው ያለውን የማለዳ ገበያ አፍርሶ ዘመናዊ የገበያ ማዕከል ላቁም ብሎ ተነሳ። ነጋዴዎቹ ተቃወሙ፣ ፍርድ ቤትም ሄዱ፣ በመጨረሻ ዕቅዱ ቀረ። ጥሩዎቹ ባለሙያዎች ሲቀየሩ አሠራሩም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ የምታደርጊውን ነገር በተቻለሽ መጠን በመመሪያ አሳስሪው።

ሴቶችን ለብቻ አነጋግሪ። አንድ ቦታ ነጋዴ ሴቶቹ ከወንዶቹ ጋር ሲሆኑ ስለ ብድርና ስለ ቦታ ተነጋገሩ፤ እሱንም ወንዶቹ ካሉት ላይ "እውነት ነው" እያሉ። ለብቻቸው ሲሆኑ የመጀመሪያው ነገር ሽንት ቤት ሆነ። ቀኑን ሙሉ የምትሸጥ ሴት ሽንት ቤት ስትሄድ ወይ ዕቃዋን ትዘጋለች ወይ ሰው ትለምናለች። አንዷ "ጠዋት ውኃ አልጠጣም" አለችኝ። ሌላዋ የመንገድ መብራት ስለሌለ ከመምሸቱ በፊት ዕቃዋን ሰብስባ ትሄዳለች። ሠራተኛ ከሥራ ወጥቶ የሚገዛበት ደህናው ሰዓት ግን ሲመሽ ነው። ሌላዋ ልጇን የሚይዝላት ስላጣች የፋብሪካ ሥራ ትታ መንገድ ዳር የወጣች ነበረች። ይህን ሁሉ ጽፌ ሳቀርብ የዕቅድ ባለሙያው "ይሄ ማኅበራዊ ጉዳይ ነው፣ ወደሚመለከተው ክፍል ይምራ" አለ። ተከራከርኩት። በቀን ሁለት የሽያጭ ሰዓት የሚያሳጣ ነገር ኢኮኖሚ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? አንቺም ይህ ይገጥምሻል። ዝርዝሩን በየክፍሉ ከመከፋፈልሽ በፊት ከእያንዳንዱ ችግር አጠገብ "ስንት ሰዓት፣ ስንት ገቢ ያሳጣል" ብለሽ ጻፊ። በዚያ ቋንቋ ሲጻፍ ይሰሙሻል።

አሁን ከሁሉም የከፋውን ልንገርሽ። አንድ ቦታ ፈቃድ ከሌላቸው ነጋዴዎች ጋር ሳምንት ሙሉ ስንነጋገር ከረምን። መጀመሪያ ፈርተው ነበር፤ ስም የሚጽፍ ሰው የመጣው ለማፈናቀል ነው ብለው ያስባሉ። ቀስ ብለው አመኑን። ንግግሩ ካለቀ ሦስት ቀን ሳይሞላ ሕግ አስከባሪዎች መጥተው ዕቃቸውን ወሰዱ። እኛ አላዘዝንም፤ ጭራሽ አልሰማንም። ግን ማን ያምነናል? ስመለስ አንድ ልጅ ዓይኔን እያየ "ቦታችንን ለማወቅ ነበር የመጣችሁት" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም የለኝም።

ስለዚህ ከአንድም ሰው ጋር ከመነጋገርሽ በፊት ሕግ አስከባሪውን ክፍል አስገቢው። ምክክሩ እስኪያልቅ ዕቃ መውሰድም ሆነ ማባረር እንደማይኖር በጽሑፍ ይስጡሽ። ካልሰጡሽ አትውጪ። ስም፣ መታወቂያ፣ ፎቶ አትሰብስቢ። ቁጥር ከፈለግሽ እነሱው እንዲቆጥሩ አድርጊ። ሙምባይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1985 ስፓርክ የተባለ ድርጅት የእግረኛ መንገድ ላይ የሚኖሩ ቤተሰቦችን ከራሳቸው ጋር ሆኖ ቆጥሮ ነበር። እነዚህ ሰዎች ለከተማው እንደ እንቅፋት ብቻ ይታዩ ነበር። ቆጠራው ሲወጣ ሠራተኞች መሆናቸው፣ ሥራቸውም እዚያው አጠገብ መሆኑ ታየ። ቁጥሩ በእነሱ እጅ ስለነበር ለመደራደሪያ ሆናቸው።

ስለ ተወካይ ትንሽ ልበል። የማኅበር መሪ ስትጠይቂ "ሁሉንም እኔ እወክላለሁ" ይልሻል። አንድ ጊዜ ሰው ምረጥልን ብንለው ዘመዶቹን ይዞ መጣ። በሚቀጥለው ዘለልነው፤ እሱም ማንም እንዳያናግረን አስወራብን። አሁን ሁለቱንም አደርጋለሁ። መሪውን አከብራለሁ፣ ቀድሜ አስረዳዋለሁ፣ ከዚያ ግማሹን ተሳታፊ በዕጣ አወጣለሁ። በዕጣ ሲሆን ማንም አይቀየምም።

አካል ጉዳተኛን በተመለከተ፣ ራሳቸውን ሳትጠይቂ አታዘጋጂ። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ቀጥረን በጣም ኮርተን ነበር። ፕሮጀክተር ሲበራ መብራት አጠፋን። አስተርጓሚው ጨለማ ውስጥ እጁን ሲያወናጭፍ ቆየ። መስማት የተሳናቸው ሁለቱ ተሳታፊዎች እርስ በእርስ ተያይተው ሳቁ።

ወጣቱን በስልክ መጠይቅ አገኘዋለሁ ብለሽ ታስቢ ይሆናል። እኛም ሞክረን ብዙ መልስ መጣ፣ ደስ አለን። ዝርዝሩን ስናይ ግን አብዛኛው ሥራ ያለው፣ የተማረና ወንድ ነበር። ያኔ ነው አንድ ተራ ሠንጠረዥ መያዝ የጀመርኩት። ሦስት ዓምድ አለው። አንደኛው ከተማው ውስጥ ማን እንዳለ፤ ከሕዝብ ቆጠራና ከሥራ ጥናት ይገኛል። ሁለተኛው እስካሁን ማንን እንዳነጋገርን። ሦስተኛው ማን እንደቀረ። በየሳምንቱ ዓርብ እሞላዋለሁ። የሚቀጥለው ሳምንት የት እንደምሄድ ሦስተኛው ዓምድ ይነግረኛል።

አሁን ወደ ወጪው ልመለስ። ሰው ዋጋ ከፍሎ የሚመጣው የሚገኝ ነገር ሲኖር ነው። ብራዚል ውስጥ ፖርቶ አሌግሬ እ.ኤ.አ. በ1989 የማዘጋጃ ቤቱ የልማት በጀት የት የት እንደሚውል ነዋሪው በየሰፈሩ ተሰብስቦ ቅደም ተከተል እንዲያወጣ አደረገች። ገንዘቡ ሲደለደል የሕዝቡ ብዛት፣ የመሠረተ ልማት ጉድለቱና ነዋሪው ያስቀደመው ጉዳይ ይታይ ነበር። ስብሰባውን የሞሉት ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ለምን? ያልተነጠፈው መንገድ የእነሱ ነበራ። ቀርተው ቢሆን ያጡት ነበር።

አንቺ ጋ ግን ምን ክፍት ነው? ይህን አለቃሽን ዛሬውኑ ጠይቂው። ሼሪ አርንስታይን የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1969 የሕዝብ ተሳትፎን በስምንት እርከን መሰላል መስላው ነበር። ታች ሕዝቡን መጠቀሚያ ማድረግ አለ፣ መሐል ላይ ማሳወቅና ማማከር፣ ጫፉ ላይ ነዋሪው ራሱ የሚወስንበት። ሁሉም ነገር ጫፍ ላይ ይሁን አልልም። የወደብ ኪራይ ውል ወይም የብድር ስምምነት በገበያ ውስጥ አይወሰንም። ግን የትኛው እርከን ላይ እንዳለሽ ለሰዉ በግልጽ ንገሪ። "ይህና ይህ አልቋል፣ አይለወጥም። ይህኛው አላለቀም፣ የእናንተ ቃል ይለውጠዋል" በይ። ያላለቀ ነገር ከሌለ ማስታወቂያ ለጥፊና ተይው፤ የሰው ጊዜ አታባክኚ።

ሌላው፣ ተመልሰሽ ሂጂ። ብዙዎቻችን የምንዘለው እዚህ ጋ ነው። ያነጋገርሻቸውን ሰዎች፣ እዚያው ቦታ፣ እዚያው ሰዓት ሄደሽ "ያላችሁትን ይህን ተቀበልን፣ ይህን አልተቀበልንም፣ ምክንያቱ ይህ ነው" በያቸው። አንድ ገጽ ይበቃል፤ በሚናገሩት ቋንቋ፣ ጮክ ተብሎ የሚነበብ። "አልተቀበልንም" ስል ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አንድ ሽማግሌ "ቢያንስ ተመለሳችሁ" ብለው ወንበር ሰጡኝ።

ሦስተኛውን የአዳራሽ ስብሰባ ብትሰርዢው ደስ ይለኛል። የአዳራሹ ኪራይ፣ የመስተንግዶውና የባነሩ ገንዘብ ለአሥር የሰፈር ጠያቂዎች የሁለት ሳምንት ክፍያ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ፤ አንቺ ሒሳቡን አይተሽ አስተካክዪው። የሕፃናት ማቆያ የሚሆን ጥግና አንድ ሞግዚትም ጨምሪበት። አለቃሽ "የተሳታፊው ብዛት ስንት ደረሰ?" ማለቱ አይቀርም። ቁጥሩን ስጪው፤ ከዚያ ሦስተኛውን ዓምድ አሳዪው።